የእሁዱ ሰልፍ

ዘንድሮ የእኛም ወረዳ ከዋናው ቀን በፊት ለሚካሄደው ቅድሚያ ምርጫ እሁድም ጣቢያ ይከፍታል አሉ። አሁን! እትዬ አርዜላ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው እኮ።

እትዬ አርዜላ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ዶሮ ሲበልቱ የኖሩ የሠፈራችን ሴት ነበሩ። ከሥራ የሚወጡት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ የወረዳችን የቅድሚያ ምርጫ ጣቢያም የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት። ስለዚህ በየምርጫው ዋናውን ቀን ጠብቀው፣ ባበጠ እግራቸው ሦስት ሰዓት ሙሉ ይሰለፉ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ያለው ወረዳ ግን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ እሁድም ጭምር ክፍት ነው። የምንመርጠው ደግሞ ያው አንዱን አገረ ገዢ!

እኔ የቤተ ክርስቲያናችን አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። አንድ የጥቅምት እሁድ የማዶው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው፣ ከስብከት በኋላ ምእመኑን ምርጫ እንዳደርስላቸው ለመኑኝ። ከሠፈር ስነሳ እትዬ አርዜላ ቢጫ ባርኔጣቸውን ደፍተው የፊት ወንበር ላይ ጉብ አሉ።

"እትዬ፣ የእርስዎ ወረዳ እኮ አይደለም።"

"አንተ ሹፌር ነህ ወይስ ዳኛ? ንዳ!"

ሰልፉ ላይ መዝሙሩ ደምቋል፤ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ይታደላል። አብረው ዘመሩ፣ አብረው በሉ፣ ተራቸውን ጠብቀው በሩ ጋ ደረሱ። መዝጋቢዋ ልጅ መታወቂያቸውን አይታ ደነገጠች።

"እማማ፣ እዚህ መምረጥ አይችሉም። ተሳስተው ነው የመጡት።"

"አልተሳሳትኩም የኔ ልጅ" አሉ፣ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ እያዩ። "የምርጫ በር እሁድ ተከፍቶ አይቼ አላውቅም፤ ልየው ብዬ ነው።"