አሥራ ስምንት ብዬ የጻፍኩለት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ለቪዲዮ ጨዋታ ውድድር ላስመዘግብ ሄጄ፣ መዝጋቢዋ ልጅ እስክሪብቶዋን አንስታ «ዕድሜው ስንት ነው አባባ?» ስትለኝ፣ ልጁ ራሱ መለሰላት። እኔ ግን በሐሳብ አሰብ ደርሻለሁ፤ ማራገቢያው ትኩስ አየር ከማማሰል በቀር ፋይዳ ያልነበረው የሠራተኞች ክበባችን ውስጥ።

አንድ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ከውጭ መርከበኛ የገዛው ማሽን ከክበቡ ቴሌቪዥን ጋር ሲገጠም፣ ሁለት ነጫጭ መስመሮች አንዲት ነጥብ እየተቀባበሉ ይመልሳሉ። ጨዋታው ይኸው ነው፤ የልጅ ልጄ ቢያየው ይስቅብኛል። እኛ ግን ላባችን በጀርባችን እየወረደ፣ ከወደቡ የሚመጣው የጨውና የናፍጣ ሽታ አፍንጫችንን እየሞላው፣ ዋንጫ እንደሚበላበት ኳስ እንጮህለት ነበር። ያሲንን የሚያህል ተጫዋች አልነበረም። የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ የእትዬ ፋጡማ አንድያ ልጅ።

ውድድር ሲዘጋጅ፣ ልጆች ማሽኑን ይሰብራሉ ተብሎ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ሁሉ ተከለከለ። ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ መዝጋቢ የሆንኩት እኔ ራሴ አሥራ አምስት አልሞላኝም ነበር። ያሲን ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አሥራ ስምንት ብለህ ጻፈው እንጂ፣ ምን ቸገረህ!» አለኝ። ጻፍኩለት። ቁመቱም አላሳጣንም።

ያሲን በመጨረሻው ግጥሚያ አንድ መሐንዲስን አሸንፎ የተሸለመውን አንድ ሳጥን ለስላሳ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አደለ። ዝርዝሩ ክበቡ በር ላይ ተለጠፈ፤ ያሲን አንደኛ፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት። እኔ ሞኙ እየተመላለስኩ ጽሕፈቴን አደንቃለሁ። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ የጎደለው ቀበሌም አነበበው። በሳምንቱ ያሲንን ከቤቱ ወሰዱት።

እትዬ ፋጡማ የትምህርት ቤት ወረቀቱን ይዘው ቀበሌ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። «ጓድ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ልጄ ገና አሥራ አምስቱ ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ከበሩ የተነቀለውን ዝርዝር አወጣ።

«ራሱ ነው ያስመዘገበው፣ እናቴ። ይኸው፣ ተጽፏል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። እኔም ረጅም ነበርኩ።

ያሲን በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሰብን አጣሁ፣ ባሕሩን አጣሁ፣ የሰፈሩ ልጅም በየአገሩ ተበተነ፤ ለዚያ ሁሉ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ለእሱ ግን እንባው አይመጣልኝም። ያን ቀን ከቀበሌው ስንወጣ እትዬ ፋጡማ እጄን ይዘው፣ «አብረኸኝ ስለቆምክ አላህ ዕድሜህን ያርዝምልህ» ብለው መረቁኝ።

አረዘመልኝ።