አጠገብ እንዲቆም የተጠራ

አንሶላ ተራግፎ ሲዘረጋ የሚያሰማውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጂዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ ያቺ መስኮቷ የተደፈነ ክፍላችን ትመጣብኛለች።

እማዬ ማዳሟ ቤት እያደረች ስለምትሠራ የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነበር። መጥታም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ ወንጌል በሹክሹክታ ታነብልኝ ነበር። የቄስ ልጅ አይደለች እንዴ፤ ከባድ ቃል ሳትፈታ አታልፍም። «ጰራቅሊጦስ የግሪክ ቃል ነው፤ አጠገብ እንዲቆም የተጠራ ማለት ነው። ለተከሰሰ ጠበቃው፣ ላዘነ አጽናኙ» ትለኝ ነበር። እኔ የስምንት ዓመቷ ልጅ የገባኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተጠራ ይመጣል።

በሌላው ቀን የምታየኝ አብራን የምትኖረው የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ነበረች። የሐጅ ወቅት ሲደርስ እሷ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ የሐጃጆች ማደሪያ ውስጥ አንሶላ ልታጥብ ትሄዳለች፤ ክርስቲያን ደግሞ መካ አይገባም። በዚያ ዓመት «ልጄ ናት ብዬ ልውሰዳት» ብላ እማዬን ለመነቻት። እማዬ አለቀሰች እንጂ እሺ አላለችም።

ማታ ማታ ጎረቤት እያደርኩ፣ ቀኑን በር ተቆልፎብኝ እውል ጀመር። ጰራቅሊጦስ፣ ጰራቅሊጦስ እያልኩ ብጣራ ማን ይምጣ! ፍሪጁ ሲያጉረመርም እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማዬ የተወችልኝ ስልክ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ናት፣ በማጠቢያ ክፍሉ ስልክ ተደብቃ ስትደውል። «አብሽሪ ሆዴ፣ ወሬ እንኳ የለኝም። እኔ ሥራዬን ልሥራ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚኝ» ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ አንሶላ ስታራግፍ፣ ስታጥፍ፣ መንዙማ ስታንጎራጉር እየሰማሁ ምሳዬን እበላ ነበር።

አንድ ቀን የአለቃዋን ቁጣ ሰማሁ፤ «ከማን ጋር ነው?» ይላታል በዐረብኛ።

«ቢንቲ» አለችው። ልጄ ናት። «ብቻዋን ናት።»

«ኸላስ! በቃ፣ ውጪልኝ!» አለና ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ሻንጣዋን ተሸክማ መጣች። «እሰይ ተባረርኩ! ወገቤንም ጨርሶት ነበር» ብላ ስትስቅ፣ እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

ዛሬ አዲስ አበባ ግሪክኛ አስተምራለሁ። ጰራቅሊጦስን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ጠበቃ፣ አጽናኝ፣ ረዳት ብዬ ስፈታ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። እትዬ ዘይነባ ኮምቦልቻ ብቻዋን ትኖራለች። ስደውልላት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ክፍል ልገባ ነው» እላታለሁ።

«ሂጂ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» ትለኛለች። አትዝጊው ብላኝ አታውቅም።