መርዶውን ይዤ ያስጨፈርኩት ከንቲባ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩም፣ በየጾሙ ለምቀርባቸው የንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ፊት ስቀመጥ ትንንሾቹን ኃጢአቶች አበዛለሁ፤ ትልቁ ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ደረጄን ከአገር ቤት ሲመጣ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሳሎኔ ሶፋ ላይ ያስተኛሁት እኔ፣ መንዳት ያስተማርኩት እኔ፣ የምሠራበት መጋዘን ያስቀጠርኩትም እኔ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ የማዘጋጃ ቤት ሹም ነበርኩ፤ እሱ ጎማ ይጠግን ነበር። ይህን ልዩነት እሱ ቶሎ ረሳው። እኔ ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም።

እዚያው አካባቢ ካለችው ከአዲሰን ብዙ በማትርቅ፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ ጎረቤት ሆንን። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ መኪና የሚያስቆም ምልክት ስላልነበረ ልጆች ለትምህርት ሲሻገሩ ነፍሳችን ትወጣ ነበር። ሁላችንም አጉረመረምን፤ ደረጄ ግን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ሄዶ ተናገረ። አልሰሙትም። በሌላው ወር ተመልሶ ሄደ፣ ከዚያም ሄደ። እኔ እስቅበት ነበር። ምልክቱ ሲተከል ሳቄ ጠፋ። ቀጥሎ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፍ ቤታቸው የሚገባባቸውን አሮጊቶች ጉዳይ ያዘ፤ እነሱም መርጠው ምክር ቤት አስገቡት። ከዚያ ለከንቲባነት ተወዳደረ።

የትንሽ ከተማ ከንቲባ የሚከፈለው ለቤንዚን እንኳ አይበቃም። እሱም ከመጋዘኑ ወጥቶ የያዘውን ሥራ፣ ጠዋት ጠዋት በኤርፖርት ሹትል መንገደኛ ማመላለሱን፣ አልተወም። ታዲያ እኔን ምን አንገበገበኝ? እኔ አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ሄጄ አላውቅም። ቅናት ግን እንዲህ ነው፤ ያልፈለግኸውን ነገር ሌላው ሲያገኘው የተቀማህ ይመስልሃል። ፖስተሩን በየግቢው ባየሁ ቁጥር፣ ማኅተም ይዤ የኖርኩት እኔ አይደለሁም ወይ እላለሁ። ፊቱ ላይ ግን «በርታ ወንድሜ» እለው ነበር።

ምርጫው ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ታላቅ ወንድሙ ሽመልስ ከደሴ ደወለልኝ። እናታቸው ዐርፈዋል። ወጉን ታውቃላችሁ፤ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ለቅርብ ወዳጅ ይነገርና ወዳጁ ሽማግሌ ሰብስቦ ማልዶ ይሄዳል። «አንተም ወንድሙ ነህ፤ እንደሚሆን አድርገህ ንገርልኝ» አለኝ ሽመልስ እያለቀሰ። እሺ አልኩት።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ድምፅ እስኪሰጥ ማቆየትም ጥፋት አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹም ቢጠየቁ ይህንኑ ይሉ ነበር። ግን መርዶ ያቆየ ሰው ግዴታ አለበት፤ ባለ ሐዘኑን ከደስታ ቦታ ይጠብቀዋል። ሰበብ ፈጥሮ ከሠርግ ያስቀረዋል፣ ከጭፈራ ያወጣዋል፣ የእናቱ መቃብር አፈር ሳይደርቅ እንዳይዘፍን። ይህን ልጅም ያውቀዋል። እኔ አላውቅም ነበር ልበላችሁ?

ማሸነፉ በተሰማበት ምሽት አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ደረጄ ዓይነ አፋር ነው፤ ጥግ ይዞ እጅ ይጨብጥ ነበር። አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ የከንቲባው ጓደኛ ነህ አይደል?» አለችኝ። ያቺ ቃል ሆዴ ገባች። ሄጄ እጁን ይዤ ወደ መሃል ጎተትኩት። እኔ ነኝ የጎተትኩት። ዘፈኑ እንዲደገም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ትከሻውን ሲሰብቅ ቪዲዮ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ያገሩ ልጆች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ የለቀቅኩትም እኔ ነኝ። ደሴ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያሉ ሰዎች እንደሚያዩት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የለቀቅኩትም ለዚያ ነው።

በማግሥቱ ማልደን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከአንጀት ሳያለቅሱም እንደማይገድ ያን ቀን አየሁ፤ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። ለቀስተኛው ሲሳሳ ደረጄ አጠገቤ ተቀመጠ። «ስጨፍር ታውቅ ነበር?» አለኝ። «ወንድምህ የደወለልኝ ከፓርቲው በኋላ ነው። ለምን እንዳቆየብህ እንጃ» አልኩት።

ቪዲዮውን ያየው ሽመልስ በስልክ «ቀድሜ ለጓደኛህ ነግሬዋለሁ፣ አንተ እያወቅህ ነው የጨፈርከው» አለው። ደረጄ ደግሞ «ጓደኛዬ አይዋሽም» አለ። አንድ እናት የቀበሩ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ደረጄ ጥሩ ከንቲባ ሆነ። ጎርፉን አስቆመ፣ ደግመው መረጡት። ሠርግ ሲጠራ ግን ስጦታውን ሰጥቶ ዘፈን ሳይጀመር ይወጣል። ሰው ሥልጣን አኮራው ይላል። እኔም ሲሉ እሰማለሁ፣ አላስተባብልም። ዘንድሮ በቃኝ ብሎ አልተወዳደረም፤ በስንብቱ ላይ ስለ እሱ እንድናገር የመረጠው እኔን ነው።

በቅርቡ ወደ ፎርት ዎርዝ አብረን ስንነዳ የሽመልስን ልጅ ሠርግ አነሳልኝ። በዘመድ በኩል ተጠርቷል፤ አይሄድም። «ማለቴ፣ ሰው እናቱ ሞታ ይዋሻል? ኮል ያደረገበትን ቀን ይዋሻል?» አለኝ መንገዱን እያየ። መኪናው ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አፌን ከፈትኩ።

«ሰው ክፉ ነው» አልኩት።

አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም። የሽመልስን ስልክ ያነሳው ሰይጣን አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ የሁለቱም ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። ሠርጉ ገና አልደረሰም። እኔም ገና አልተናገርኩም።