«በ»ን የበላው ኔትወርክ

እኛ አገር ለሁሉም ነገር የሚሆን አንድ ሰበብ አለ፤ ኔትወርክ። እደውላለሁ ብሎ ያልደወለ፣ የተላከለትን አይቶ ዝም ያለ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሁሉ «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ሰሚውም «እውነትህን ነው» ብሎ ያልፋል። ወራት ሙሉ ድምጥማጡ ጠፍቶ ስለሚያውቅ ማንም ማንንም አይመረምርም። እኔ ራሴ ቆቦ ገበያ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ተቀምጬ፣ ስልኬ ፍንትው ብሎ እየሠራ፣ ያለ ምንም ሀፍረት «የለም» እላለሁ።

በልጅነት አብረን የተማርን ሰዎች የድሮ ዘፈንና የአገር ወሬ የምንለዋወጥበት ግሩፕ አለን። ስም አልጠራም፤ ያሉበትን ከተማ ከጠራሁ ይበቃል። አድሚናችን የሮቢቱ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ ማዘዝ ይወዳል፤ «እንደምን አደራችሁ» ሲል እንኳ መመሪያ የሚያወርድ ይመስላል። የዘፈኑ አባት ደግሞ የዋጃው ነው። በወጣትነቱ ካሴት ያባዛ ነበር፤ ዛሬ ሽንኩርት ያመርታል፤ ግን አንድ ዘፈን ማን እንደዘፈነው፣ ከበሮውን ማን እንደመታው፣ የትኛው ካሴት ጀርባ ላይ እንደነበረ ከሱ የሚሰወር የለም።

ይህ ሰው አንድ አመል አመጣ። የድሮ ዘፈን ይልክና «እስቲ ስሙና ጻፉልኝ፤ የሚቀድመው ማሲንቆው ነው ክራሩ?» ይላል። እኔ ደግሞ በፈተና መሸነፍ አልወድም። የስፌት መኪናዬን አቁሜ እሰማለሁ፤ ከዚያ እጽፋለሁ። ማሲንቆው ይቀድማል፣ ከበሮው ዘግይቶ ይገባል፣ ዘፋኟ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከሩቅ አንዲት ሴት እልል ትላለች። «ጨምሪ» ይለኛል። እጨምራለሁ። አጨብጫቢዎቹ መሀል ላይ አንዱ ቀድሞ እንደሚያጨበጭብና ወዲያው አፍሮ እንደሚያቆም እጽፋለሁ። «ጨምሪ» ይለኛል አሁንም። አቤት ኩራት፣ እያልሁ በሆዴ እሰድበዋለሁ፤ እሱ ፈታኝ እኛ ተፈታኝ! አንድ ቀን መጻፉ ቢሰለቸኝ መልሱን በድምፅ እያንጎራጎርሁ ላክሁለት። «ኔትወርክ የለም፤ ጻፊልኝ» አለኝ። ዘፈኑን የሚያስወጣ ኔትወርክ የኔን እንጉርጉሮ የማያስገባው ምን በድዬው ነው ብዬ አኮረፍሁ፤ ከዚያ ግን ጻፍሁለት።

ነገሩ የተበላሸው በሮቢቱ ሴት ልጅ ሰርግ ነው። አንድ የገበያ ቀን የዋጃው ሽንኩርቱን ሸጦ ሲመለስ ሰላም ሊለኝ ጎራ አለ። እኔ የሙሽራዋን ልብስ እየሰፋሁ ነበር፤ መኪናው ይንጫጫል። ቀና ሳልል፣ «የሮቢቱ ልጅ ሰርግ ቀረበ» አልሁት። ከንፈሩን መጠጠ፤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ለሰርግ ከንፈር የሚመጥ ሰው ስላላየሁ ትንሽ ገረመኝ፤ የሽንኩርት ዋጋ ወድቆበት ይሆናል ብዬ መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባሁ።

በማግስቱ ግሩፑን ስከፍት የዋጃው ለሮቢቱ የጻፈው ረጅም መልእክት ጠበቀኝ። «ወንድሜ፣ የልጅህ ሰርግ ቀረ ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አብሽር። ከዚህ የተሻለ ትዳር ይሰጣታል።» ከሥሩ እንግዲህ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰልፏል። «አይዞህ»፣ «እኛም አዝነናል»፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጣጠፈ እጅ። አንዷማ «ድሮም ልጁ አላማረኝም ነበር» ብላ ጽፋለች። የልጅቱ አባት ከእንቅልፉ ሲነሳ የልጁ ሰርግ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሰው ለቅሶ ደርሶ ተመልሷል።

ወሬ መቼም ባጃጅ አይጠብቅም። ረፋዱ ላይ አላማጣ ያሉት የሙሽራው ወገኖች ደወሉ፤ «ልጃችን ምን አጠፋ? ምን ነውር አያችሁበት?» አሉ። የሮቢቱ ምሎ ተገዝቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሰርጉን ከመቅረት አዳነው። ከዚያ ወደ ዋጃው ዞረ፤ ግሩፑ ላይ፣ ሁላችንም እያየን። ማን ነገረህ አለው። የዋጃው ስሜን አልጠራም። «እኔ የጻፍሁት ሰርጉ ቀረበ ብዬ ነው፤ በን ኔትወርክ በላት» አለ።

«አብሽርንስ ኔትወርክ ነው የጨመረው?» አለ የሮቢቱ።

እውነቱን ለመናገር ስቄ ልሞት ነበር። የሮቢቱ ግን አልሳቀም። ከዛሬ ጀምሮ ግሩፑ ላይ ወሬ ክልክል ነው፣ ዘፈን ብቻ፣ ብሎ መመሪያ አወጣ፤ ቀጥሎም የዋጃው ይህን ወሬ ማን እንደሰጠው ተናግሮ ይቅርታ ካልጠየቀ ሰርጌ ላይ እንዳላየው አለ። እኛ ዘንድ ለልጅ ሰርግ አለመጠራት ማለት ከእንግዲህ አልቀብርህም አትቀብረኝም እንደማለት ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ሁለት ሰዎች በአንዲት ፊደል ሊለያዩ ነው። የዋጃው አንድ የድሮ ዘፈን ላከና የሚቀድመው ዋሽንት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የዚያን ቀን ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ጭምር።

ሰርጉ ሲደርስ አላስቻለኝም፤ በሚኒባስ ዋጃ ወረድሁ። ይቅርታ አስጠይቀዋለሁ ብዬ ለመንገዱ የሚሆን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። «አንተ!» አልሁት። ዝም። «አንተ ሰው፣ እንግዳ መጣ!» ብዬ ጮህሁ፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ መለሰልኝ። ይንቀኛል ማለት ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ገፍቼ ገባሁና ፊት ለፊቱ ቆምሁ። ደነገጠ። ስልኩ በሙሉ ድምፅ ይዘፍናል፤ እሱ መዳፉን የስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፎ፣ በዓይኑ እኔ ከዚያ በፊት የጻፍሁለትን ያነባል። ማሲንቆው ይቀድማል፣ ከበሮው ዘግይቶ ይገባል።

ስድቤ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት። አፌን አየ። ጮክ ብዬ ደገምሁለት።

«ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የጠፋው ዋሽንቱ ነበር» አለኝ። «ሰው ሲያወራ ግማሹን አገኛለሁ፤ ግማሹን እገምታለሁ። አንቺ ቤት የነገርሽኝን ግን የስፌት መኪናሽ በላው።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም? ማን ይቀየምሃል?»

«ወላሂ ወሬኛ ቢሉኝ ይሻለኛል። ደንቆሮው ዘፈን ላከ ይበሉኝ እንዴ? አደራሽን።»

እዚያው አለቀስሁ። እሱ ደግሞ ከሽንኩርቱ የተነሣ እንባ ስለለመደ ሴት ስታለቅስ ማየት የሚያስደነግጠው አይመስልም፤ ሻይ አስመጣልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ፈተና መስሎኝ የጻፍሁትን፣ ለመሸነፍ ፈርቼ የጨማመርሁትን፣ ለካ ይሰማበት ኖሯል። አደራውን ተቀብዬ ተመለስሁ።

ከዋጃ ስመለስ ሮቢት ወረድሁ፤ የሮቢቱንም ዋሸሁት። «ወሬውን የነገርሁት እኔ ነኝ፤ መኪናው እየሮጠ፣ መርፌ በጥርሴ ይዤ ነው የተናገርሁት፤ በን የበላኋት እኔ ነኝ» አልሁት። «እሱስ ለምን ስምሽን አልጠራም?» አለ። «እሱን ተወው፤ አንተ ብትሆን ትጠራኝ ነበር» አልሁት። አፈረ መሰለኝ፤ ስልኩን አንስቶ ደወለለት። የዋጃው እንደ ልማዱ አላነሳም። «ኔትወርክ የለውም፤ ጻፍለት» አልሁ እየተጣደፍሁ።

የሰርጉ ዕለት የዋጃው ነጭ ለብሶ መጣ። ዳሱ ውስጥ ስንት ቦታ እያለ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሞንታርቦ ሥር ሄዶ ተቀመጠ፤ ያውም ጀርባውን አስደግፎ። «ይህ ሰው ለዘፈን አብዷል» ይላሉ ሰዎች። ጨፋሪዎቹ ምድሩን ሲረግጡት ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዘፈን በተቀየረ ቁጥር በስልክ እጽፍለታለሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን የምንጻጻፍ ሁለት ጎልማሶችን ያየ የኛንም እብደት አልተጠራጠረም።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘፈኑ ጋብ ሲል፣ የሮቢቱ መጣ። ትዕዛዝ የለመደው ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ የዋጃው ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ ካለሁበት ሰማሁት። የዋጃው ፈገግ አለና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ይውለዱ ይክበዱ» ብሎ መለሰለት።

የሮቢቱ ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ሰው ይቅርታዬን ገፋው፣ አሾፈብኝ» የሚል ነበር አስተያየቱ። ቀና ብሎ ሊሄድ ሲል ልብሱን ያዝሁትና፣ በሌላው እጄ «ይቅር በለኝ ነው ያለህ» ብዬ ለዋጃው ጻፍሁ። ከመላኬ በፊት «በ»ዋ ከነ«ለኝ»ዋ መኖሯን ደግሜ አየሁ። «ይቅር» ብቻ ብትደርሰው ሌላ ጣጣ ነው።

የዋጃው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ተነሣ፤ የሮቢቱን አቅፎ ትከሻውን ሳመው፤ የሮቢቱም ግራ እንደተጋባ እዚያው ደረቱ ላይ ቆየ። ሲለያዩ የሮቢቱ ወደ እንግዶቹ ሄደ፤ የዋጃው ተመልሶ ሞንታርቦውን ተደገፈ። ወዲያው ስልኬ ነዘረኝ።

«ሲናገር ድምፁ እንዴት ነበር?» ይላል።

ጻፍሁለት። መጀመሪያ እንዳሳለው፣ ቀጥሎ በልጅነት ስሙ እንደጠራው፣ ይቅር የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደተቆረጠና ከዚያ በትንፋሽ ብቻ እንደጨረሰው።

ብዙ ጊዜ አነበበው። ከዚያ፣ «ጨምሪ» አለኝ።