ፀሐይ ላይ የዋለው ጥይት

ያን ቀን ቀትር ላይ ስድስት ጥይት ተኮስን። ሦስቱ መቱ... ሦስቱ ከኢላማው በላይ አለፉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሽንፋ አጠገብ ካለች ጉብታ ላይ አንዲት ፀረ ታንክ መድፍ ይዘን ወደ ሱዳን ድንበር አፍጥጠን እንውላለን። ታንክ ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም፤ የምናየው ሰሊጥና ሙቀት ብቻ ነው። እኔ ራሴ ሰሊጥ ላጭድ ከጎጃም እንደወረድኩ ነበር ለውትድርና የታፈስኩት። ሥራዬ ማጉረስ ነው፣ ጥይቱን ከሳጥን እያወጣሁ ለመድፏ አጎርሳለሁ።

አነጣጣሪያችን አሥር አለቃ ታረቀኝ የሳንጃ ሰው ነው። እጁ አይስትም ይባልለታል። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «አጉራሼ» ነው የሚለኝ።

የዚያን ቀን የተኮስነው ከበላይ አካል በመጡ እንግዶች ፊት ነበር። ኢላማው ኖራ የተቀቡ በርሜሎች ክምር ነው። ሦስት ጥይት ሲስት ከእንግዶቹ ጎን የነበረው የጦራችን ካድሬ ከመቀመጫው ተነሳ።

«የማይስት እጅ በእንግዳ ፊት እንዴት ይስታል? ይሄ አሻጥር ነው» አለ።

ያኔ አሻጥር የተባለ ሰው አይመለስም። ታረቀኝን የፊጥኝ አስረው መድፏ አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ማምሻውን መኪና መጥቶ ሊወስደው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገር ሰማሁት።

«እንዴው... ደህና አድርጌ ነበርኮ ያነጣጠርሁ።»

ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

ተቀምጬ መዳፌን አየሁት። ቀልቶ ይለበልበኛል። የሰሊጥ አጫጅ መዳፍ ደግሞ በዋዛ አይቃጠልም። ያኔ ትዝ አለኝ... ሳጎርስ አንዳንዱ ጥይት እንደ ፍም ፈጅቶኝ ነበር፣ አንዳንዱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ከጥይት ሳጥኖቹ ግማሹ በሰሊጥ አገዳ በሠራናት ዳስ ውስጥ ነበር፣ ግማሹ ደጅ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ነው። እኔም እጄ ካገኘው ሳጥን ነበር የማነሳው። ስልጠና ላይ አስተማሪያችን «ባሩድም እንደ ሰው ነው፣ ሲሞቀው ይቸኩላል» ብሎን ነበር። የቸኮለ ጥይት ከፍ ብሎ ይሄዳል።

ተነስቼ አዛዣችን ሻምበሉ ዘንድ ሄድኩ።

«ጓድ ሻምበል፣ ጥፋቱ የጥይቱ ይመስለኛል።»

«ደግሞ ጥይት ምን ያጠፋል?»

«ከፊሉ ጥላ ውስጥ የዋለ ነው፣ ከፊሉ ፀሐይ ላይ። የሞቀው ከፍ ይላል። ተለይቶ ይሞከርልን።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ካልሆነ አብረኸው ትሄዳለህ» አለ።

ታረቀኝን ፈቱት። የደነዘዘ እጁን አሻሽቶ መድፏ ላይ ተቀመጠ። ከጥላው ሦስት አጎረስኩ። ሦስቱም በርሜሎቹን መቱ። ከፀሐዩ ሦስት አጎረስኩ፣ መዳፌ እየተላጠ። ሦስቱም በአንድ መንገድ ከበርሜሎቹ በላይ አለፉ።

ሻምበሉ የሩቅ ማያ መነጽሩን አወረደና «ሳጥኑን በሙሉ ጥላ አስገቡ» አለ። ካድሬው ወደ እንግዶቹ ዞረ።

ታረቀኝ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አጉራሼ... አንተ እኮ ጥላ ከለላዬ ነህ» አለኝ።

አቀረቀርኩ። ሳጥኖቹን ደጅ ያወጣቸው ማን እንደሆነ ሻምበሉ አልጠየቀም፣ እኔም አፍሬም ፈርቼም አልተናገርኩም። ከሦስት ቀን በፊት ዳሱ ጠቦኝ፣ ጋደም የምልበት ጥላ ፈልጌ፣ አንድ በአንድ ተሸክሜ ፀሐይ ላይ የደረደርኳቸው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ዳሱ በጠበበ ቁጥር ታረቀኝ ደጅ ፀሐይ ላይ እየተቀመጠ ቦታውን ለእኔ ይለቅልኝ ነበር። እምቢ እንዳልል፣ «ለምን?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እተኛበት ነበር።

እስከ ዛሬ ጥላ ስር አረፍ ስል መዳፌን ያቃጥለኛል...