ቨርና በባሏ ብስክሌት

ጎረቤቴ ቨርና ስኬሪት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ምሳ ቤት ሳንድዊችና የሥጋ ፓይ ስትሸጥ የኖረች የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከልጅነቷ ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ባሏ ክላይቭ ጡረታ ሲወጣ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቶ መጣና፣ "ፔዳሉን ነካ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይወስድሻል" አላት።

"ወዴት? ወደ መቃብር?" አለችው።

ባለፈው መስከረም ግን ተሸነፈች። ሦስታችንም ሊንቪል ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄደን ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ድንኳን ተከልን። ሐዲዱ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ነው፣ እስከሚቀጥለው ከተማ እስከ ብላክበት ዳገቱ አያልቅም። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከሻዬ ጋር ቀረሁ። የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ገና ከመነሻው ሞተሩን የመጨረሻው ኃይል ላይ አድርጋ በረረች። ክላይቭ ከኋላ፣ "ኧረ ቀስ በይ፣ ባትሪው ያልቅብሻል!" እያለ ይጮሃል።

"ና ድረስብኝ፣ አንተ ሽማግሌ!"

አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ባትሪዋ አለቀ። ክላይቭ እየሳቀ ደረሰባትና ብስክሌቱን አቁሞ ሽንቱን ሊሸና ሣሩ ውስጥ ገባ። ወዲያው "ውይ!" ብሎ ዘለለ። ቡናማ እባብ ከእግሩ ሥር ሸሸ።

"ነደፈህ እንዴ?"

"ጫር አደረገኝ መሰለኝ። አላመመኝም።" ካልሲውን ዝቅ አደረገ። ሁለት ጭረት ብቻ፣ ደም እንኳ በቅጡ የለውም። "እይው፣ ድመት የቧጨረኝ ነው የሚመ..." አለና እንደቆመ ወደቀ።

ቨርና መጮህ አቃታት። "እንደ እንጨት ደረቅሁ" አለችኝ። "አርባ አራት ዓመት ሳየው የኖርኩት ፊት የማን እንደሆነ ጠፋኝ።"

ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ክላይቭ ዓይኑን ገለጠ። "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታፈጪብኝ?" መውደቁን አላወቀም።

የዚያን ጊዜ እጇ ሥራውን አስታወሰ። ምሳ ቤት ሳለች በየዓመቱ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ያሠለጥኗቸው ነበር። ቁስሉን ሳታጥብ፣ ከቦርሳቸው ፋሻ አውጥታ መርዙ እንዳይሰራጭ እግሩን ከጣቱ እስከ ጭኑ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው።

"አንዲት ጣት ብታንቀሳቅስ እኔው ነኝ የምገድልህ" አለችው።

ስልኳ መስመር የለውም። የእሷ ብስክሌት ሞቷል። የእሱን ወሰደች። ክላይቭ ረጅም ስለሆነ ኮርቻው ላይ ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም። ጉቶ ላይ ቆማ ወጣችና፣ ከፍ ያለ ቦታ መስመር አይጠፋም ብላ ዳገቱን ተያያዘችው። አንዴ ወደ ኋላ ለማየት አንገቷን ስታዞር ልትወድቅ ደረሰች፤ ከዚያ በኋላ አልዞረችም።

አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታ አንድ የአጥር በር አጠገብ ስትደርስ ስልኳ ኪሷ ውስጥ መንጫጫት ጀመረ። መስመር መጣ! ግን እንዴት ትቁም? ፍሬኑን ይዛ ወደ ጎን ወደቀች። የእጇ አንጓ ቀጭ ሲል ሰማችው፤ ግን አላመማትም። በሌላው እጇ ደወለች። እዚያው በሩ ጋ ቆማ አምቡላንሱን እንድትጠብቅ ነገሯት።

አርባ ደቂቃ ቆመች። ይኑር ይሙት አታውቅም።

እኔ ድንኳኑ ጋ ሆኜ ሄሊኮፕተር በላዬ ሲያልፍ አይቻለሁ። "ምስኪን፣ ማን ይሆን?" ብዬ ሻዬን ቀዳሁ።

የአምቡላንሱ ሰዎች በመኪና ይዘዋት ሲመለሱ ክላይቭ እንደተወችው ተጋድሟል። ዓይኑ ተጨፍኗል። ቨርና ሮጣ አጠገቡ ተንበረከከች።

"ጉንዳን እየበላኝ ነው" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ እዩልኝ።"

በሄሊኮፕተሩ ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ መርጋት አቁሞ ነበር። የእባብ መርዝ ማርከሻ ሰጥተውት በአምስተኛው ቀን ቤቱ ገባ።

በሳምንቱ ቨርና እጇን በጀሶ ታስራ እኔ ቤት መጣች። ኬክ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። "ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይነዘንዘኛል" አለች። "እኔ ግን ሲወድቅ ብቻ ነው የሚታየኝ።" ፊቷ ላይ እንባ የሚባል የለም።

ከአጥሩ ማዶ ክላይቭ ተጣራ። "ቨርና! የጣሳ መክፈቻውን የት አደረግሽው?"

ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። "ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ!" ብላ ጮኸችና መልሳ ተቀመጠች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።