በረዶው እንዳይቀልጥ የሰገድኩ ዕለት

ያን ዕለት የሠራሁት ጅልነት የመጣው ከጨዋነት ነው። ከርሊንግ የሚባለው የበረዶ ላይ ስፖርት የኖርዌይ ፌዴሬሽን በወረርሽኙ ምክንያት ዓመታዊ ጉባኤውን በኮምፒውተር ያካሂድ ነበር። እኔም ሊንደሩድ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ከወገብ በላይ ሸሚዝና ከረባት፣ ከወገብ በታች ፒጃማ ለብሼ፣ የክለባችንን ጡረተኞች ወክዬ ተቀመጥኩ። የተወከልኩት በችሎታዬ አይደለም። ሌሎቹ ኮምፒውተር ስለሚጠሉ፣ እኔ ደግሞ እምቢ ማለት ስለማልችል ነው።

ስክሪኑ ላይ ፊት በፊት ላይ ሲደረደር፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ሰላም ሳልል ዝም ብዬ መጎለቴ ነውር መሰለኝ። ድምፁን ገና አልከፈትኩትም፤ የት እንደሚከፈት እየፈለግኩ ነበር። በፍለጋዬ መሐል ከታች በኩል የአንዲት የተነሣች እጅ ሥዕል አገኘሁ። የተነሣች እጅ ለምን ትሆናለች? ለሰላምታ ነዋ። ተጫንኳት።

ለካ ሊቀመንበሯ በዚያው ቅጽበት ፈቃደኛ ትጠይቅ ኖሯል። ጥያቄው በኋላ እንደተነገረኝ እንዲህ ነው፦ በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት መጫወት እንደሚቻል ደንብ አውጥቶ፣ በዋና ከተማው አዳራሽ ሞክሮ የሚያሳይ ማን ነው? ከመላው ኖርዌይ አንድ እጅ ተነሣች። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ አየሁ። ሰላምታዬን የመለሱልኝ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ለአጸፋው ብድግ አልኩ። ፒጃማዬን ያላየ ክለብ የለም።

በማግስቱ በረዶ ሠሪያችን ደወለችልኝ። በረዶ ሠሪ ማለት የአዳራሹን ወለል የምታበርድ፣ የምትልግ፣ በላዩም ውኃ እንደ ጤዛ እየረጨች ለምንጫወትበት ድንጋይ መንገድ የምታበጅ ሴት ናት። ያለ እሷ እኛ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆምን ሽማግሌዎች ነን። ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ። አዳራሹ የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ነው። ኮሙኑ ማቀዝቀዣውን ያጥፋው ወይስ ይተወው ገና አልወሰነም። አንድ ግጥሚያ እንድናሳይ ፈቅዷል፤ ከእነሱ ሰው መጥቶ ያያል። አንዱ ሌላውን ሲነካ ከታየ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ መልሶ ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጅ ክረምቱ በዚያው ያልፋል። እሷ ደግሞ የምትቀጠረው በረዶ እስካለ ድረስ ነው። ፌዴሬሽኑም ስለ ሌሎቹ አዳራሾች የሚከራከረው የእኛን ውጤት ይዞ ነው።

የዚያችን እጅ ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝና «አንድ ሰው እንኳ እጁን ስላነሣ ትናንት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ» አለች። እንዲህ ከተባለ በኋላ የተነሣ እጅ በምን ወኔ ይወርዳል?

ከርሊንግን ለማያውቅ ላስረዳ። እጀታ ያለው ከባድ ክብ ድንጋይ ነው፤ ክዳኑ ተጣብቆ አልከፈት ያለ ድስት አስቡ። እሱን በረዶ ላይ አንሸራትቶ ወዲያኛው ጫፍ ወደተሳለው ክብ መላክ ነው ጨዋታው። ለመሐሉ የቀረበ ነጥብ ያገኛል። ድንጋዩ ሲሄድ ጓደኛህ ከፊት ከፊቱ እየሮጠ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈገፍገዋል፤ ይህን ጊዜ ድንጋዩ ይርቃል። ዕድሜውን በሙሉ የዚህን ከተማ ቢሮዎች ሲጠርግ የኖረ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ መጥረጊያ ተሸክሞ በነፃ ሊጠርግ ሄደ ሲባል፣ ልጆቼ ሐኪም ሊያማክሩ ነበር። ያሳተኝ ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ኤርትራዊ፣ ሲያዝን እንኳ የሚቀልድ ሰው ነው። በትግርኛው ወንድሜ ሲለኝ «ሓወይ፣ ዳገት የለው፣ ዝናብ የለው፣ ወጣት አይመጣበት» ብሎ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አብረን እንሸነፋለን።

እንግዲህ ደንብ አውጪው እኔ ሆንኩ። ጉንጭ ለጉንጭ ሳይሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ ሳይገጫጭ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ከነጎረቤቱ ሳይጠይቅ ሰው አገኘሁ የማይል ሕዝብ ልጅ፣ ኖርዌጂያኖችን ተራራቁ ልል ነው። እሱስ አላስቸገረም፤ ከወረርሽኙ በፊትም ፌርማታ ላይ የሚቆሙት እንደዚያው ነው። ቀጥዬ ደነገግኩ። ቡድን ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱን ድንጋይ የሚነካ አንድ ሰው ብቻ፣ ማስክ ከመግቢያ እስከ መውጫ፣ ጩኸት የለም። ጩኸቱ ላይ ጎረቤቴ አመፀ። ከርሊንግ ማለት ጓደኛህን ጥረግ፣ ጥረግ እያሉ መጮኽ ነው፤ እኔ ላይ መጮኹ ደግሞ ሐኪም ያዘዘለት ይመስል ነበር። መንግሥት በየቀኑ በቴሌቪዥን ዱግናድ ነው፣ ማለትም የሁላችን ደቦ ነው ይላል፤ አንተም ዝም በማለት ደቦ ውጣ አልኩት። ከእኔ ጋር መጫወቱ ራሱ ደቦ እንደሆነ መለሰልኝ።

በመጀመሪያው ልምምዳችን እጀታዎቹን ሁሉ በሳኒታይዘር አጠብኳቸው። እጄ ለጋስ ስለሆነ የተረፈው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። አልኮል በረዶ እንደሚበሳ ማን ነገረኝ? በረዶ ሠሪዋ መጥታ በየድንጋዩ ዙሪያ የተቆፈሩትን ትንንሽ ጉድጓዶች አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም ኮሙኑ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ጉዳይ እንደሌለ፣ እኔ ብቻዬን በረዶውን እንደምጨርሰው በለሰለሰ ድምፅ ነገረችኝ። ጉድጓዶቹን እየደፈነች ሳለ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የግጥሚያውን መጨረሻስ እንዴት አሰብከው?

ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም። በእኛ ጨዋታ ዳኛ ፊሽካ አይነፋም። አንዱ ወገን እንደማይደርስበት ካወቀ፣ ድንጋይ ቢቀረውም እንኳ ጓንቱን አውልቆ ወደ ባላጋራው ይሄድና እጁን ይዘረጋል። ያኛው ሲጨብጠው ጨዋታው አለቀ። የተዘረጋ እጅ ሳይጨብጡ መውጣት ትልቅ ስድብ ነው። እኔ ግን ብዙም አልተጨነቅኩ። በዚያ አዳራሽ እጅ ሲዘረጋ የኖረው እኔ ነኝ። የምሸነፈው እኔው ስለሆንኩ ያኔ አንድ ነገር አላጣም አልኳት። እጅ በመዘርጋት ፈንታ መጥረጊያዬን ከፍ ላደርግ አስቤ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ባላጋራዎቻችን ካፒቴኑና አጋራቸው ነበሩ። ካፒቴን የምላቸው ከማክሰኞ ቡድናችን በዕድሜ አንጋፋው፣ ድሮ በመርከብ ዓለምን የዞሩ ኖርዌጂያን ናቸው። በቋንቋቸው ዛሬ አንቱታ የለም፣ ሁሉም ሁሉን አንተ ይላል። እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። በልቤ የምለው ስለማይሰማቸው ያለ ርኅራኄ ያሸንፉኛል።

ከኮሙኑ የመጣችው ወጣት ሴት ናት። ማስኳ ፊቷን ቢሸፍነውም ዓይኗን አይቼ አወቅኋት፤ የእኛ ልጅ ናት፣ እዚሁ ከተማ ቶየን ሰፈር ተወልዳ ያደገች። ዘመድ መጣ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የማን ልጅ እንደሆነች በአማርኛ መጠየቅ ስጀምር «ናይ፣ አባባ» ብላ በኖርዌጂያንኛ እምቢታ አቋረጠችኝ። «ዘመድ ምናምን የለም። ከተነካካችሁ አስዘጋዋለሁ።» አባባ ባለችኝ አፏ ወዲያው አንተ አለችኝና ሁለት ሜትር ራቅ በል አለችኝ። ሁለቱንም ተቀበልኩ።

ጨዋታው ተጀመረ። ካፒቴኑ መነጽር ያደርጋሉ። በዚያ ብርድ ማስክ ሲደረብበት እስትንፋሳቸው ሽቅብ እየወጣ መነጽራቸውን ጉም አለበሰው። የመጀመሪያውን ድንጋይ ክቡን አሳልፈው ሰደዱት። ሁለተኛው ክቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ማስኩን ትንሽ ዝቅ ላድርገው ወይ ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። ወጣቷን ገልመጥ አልኩ፤ ታየኛለች። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ደንቡ የእኔ፣ ጉሙም የእኔ። እኔ መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር ጉም የሚይዘው ነገር አልነበረኝም፤ ድንጋይ ድሮም የምልከው በግምት ነው። ያን ቀን ግምቴ ሰመረ። ጎረቤቴም መጮኽ ስለተከለከለ ንዴቱን ሁሉ በመጥረጊያው ተወጣው፤ እንደዚያ ጠርጎ አያውቅም። ድንጋዮቻችን እንደተቃጠሩ ሁሉ መሐሉ ላይ ተሰበሰቡ።

እየመራን መሆኑን ጎረቤቴ በጣቱ ሲያሳየኝ አላመንኩትም። ሳምነው ደግሞ አላበኝ። ካሸነፍን እጅ የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ያዘጋጀሁት ነገር የለም። አንዱን ድንጋይ ላባክነው ወሰንኩ። በሕይወቴ ሆን ብዬ ልስት ያሰብኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አልሆነልኝ። ድንጋዩ ጎን ያለውን ገጭቶ፣ ዞሮ መሐል ገባ።

ያኔ ካፒቴኑ ቀና አሉ። ክቡን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የቀኝ ጓንታቸውን ከጣታቸው ጫፍ እየሳቡ አወለቁ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ ወረርሽኙም፣ ደንቡም፣ ኮሙኑም በዚያች ቅጽበት ከሐሳባቸው ወጥተዋል። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው በበረዶው ላይ ወደ እኔ መጡ።

በረዶውን ከተመልካቹ ከሚለየው መስታወት ጀርባ በረዶ ሠሪዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወጣቷ ወደ ፊት ራመድ አለች። ጎረቤቴ ከኋላዬ በሹክሹክታ «ሓወይ፣ እንዳትነካቸው» አለኝ።

የእኔ እጅ ግን መንገድ ጀምራለች። ታላቅ ሰው የዘረጋውን እጅ አየር ላይ ትቶ የሚቆም የየትኛው ቤት ልጅ ነው? ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው ያስቆምኳት። የት ላድርጋት? ደረቴ ላይ አደረግኋት። እጅ ደረት ላይ ከዋለ በኋላ የቀረው ሰውነቴ ሥራውን ያውቃል፤ አባቴ ሽማግሌ ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። እስከዚህ ድረስ አምሮብኝ ነበር። የረሳሁት ጫማዬን ነው። የከርሊንግ ተጫዋች አንድ ጫማው ለመንሸራተት እንዲመች ልሙጥ ነው። ልሙጡ እግሬ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኔ ወደ ፊት፣ ጉልበቴም ግንባሬም በረዶው ላይ አረፉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንደዚያ ሰግጄ አላውቅም።

ቀና ስል ካፒቴኑ የተዘረጋች እጃቸውን እያዩ ቆመዋል። ደንቡን አስታወሱ መሰለኝ፣ ቀስ አድርገው ወደ ደረታቸው መለሷት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የእኔን መጨረሻ ካየ ሰው በሚጠበቅ ጥንቃቄ፣ ጎንበስ አሉልኝ።

ወጣቷ መጣች፣ ሁለት ሜትሯን ጠብቃ።

«አባባ፣ ይሄ ደንቡ ውስጥ አለ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አለ፣ ልጄ።»

«መውደቁም?»

«መውደቁ በፈቃደኝነት ነው።»

ሳቀች አልሳቀችም፣ በማስኩ ምክንያት ዛሬም አላውቅም። አባቷ እንግዳ ሲሸኝ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ልጅ ሆና ጓደኞቿ ፊት ታፍርበት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ወደ በረዶ ሠሪዋ ዞራ፣ ማንም ማንንም ስላልነካ ማቀዝቀዣው እንዲቀጥል እንደምታደርግ በኖርዌጂያንኛ ነገረቻት። በረዶ ሠሪዋም የውኃ ጋኗን በጀርባዋ አዝላ ግንባሬ የነካውን ቦታ ልትጠግን ገባች።

ሊቀመንበሯም ጎንበስ ማለቱን፣ ያለ መውደቁ፣ ለየክለቡ አስተላለፈችው። በሰሜን ጫፍ ባለ አንድ አዳራሽ ግዙፍ ግዙፍ ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ ሲጎነባበሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ጎረቤቴ አሳይቶኛል። ከዚያ ወዲህ አገር አስጠሪ ነህ እያለ ሲያፌዝብኝ ይኖራል።

ከካፒቴኑ ጋር ግን ያልጨረስነው ነገር ቀረ። በከርሊንግ ያሸነፈ የተሸነፈውን ይጋብዛል። ያን ቀን የአዳራሹ ካፌ ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለው ስለነበር ሲከፈት እጋብዝዎታለሁ አልኳቸው፤ ያሸነፋቸው እኔ ሳልሆን ያስደረግኋቸው ማስክ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ጊዜው አለፈና ካፌው ተከፈተ፣ ሰውም መጨባበጥ ጀመረ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ወደ ባንኮኒው ስሄድ ካፒቴኑ መንገድ ዘጉብኝ።

«ዛሬ ማን አሸነፈ?»

እርስዎ አልኳቸው።

«እንግዲያው ጋባዡ እኔ ነኝ። አንተ የምትጋብዘኝ ስታሸንፈኝ ነው።»

አሁን ወገባቸው አልታዘዝ ስላላቸው ድንጋዩን ቆመው በረጅም ዘንግ እየገፉ ነው የሚጫወቱት። መነጽራቸው ግን ጥርት ብሏል። ባለፈው ማክሰኞም ተሸንፌ፣ ቡናማ አይብ ያለበትን ጣፋጭ ቂጣ፣ ቫፍላቸውን፣ በልቼ ወደ ሊንደሩድ ተመለስኩ። አንድ ቡናና አንድ ቫፍል አሁንም አለብኝ።